ልጃችሁ «በረዶ ላይ ልሠራ ነው» ሲል

«ክረምቱን ካናዳ ነው የምሠራው» ብሎ የስቶክሆልም ወይም የፍራንክፈርት የልጅ ልጃቸው ሲደውል፣ እዚህ ያሉት አያት መጀመሪያ የሚመጣባቸው ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ። ልጁ የሚናገረው ግን ስለ ታኅሣሥና ጥር ነው። እኛ በጋ ብለን ጥምቀትን በፀሐይ በምናከብርበት ሰሞን እዚያ ተራራው በረዶ ለብሶ ሰው ከየአገሩ ለስኪ ይጎርፋል። ሆቴሉ ይሞላል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ እንግዳውን ወደ ተራራው ጫፍ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር፣ ሊፍት የሚሉት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዞር ይውላል። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ከአካባቢው ብቻ አይገኝም። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከአውሮፓ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ብዙ ወጣት ለአምስትና ለስድስት ወር ወደ ካናዳ ተራሮች የሚሄደው።

ሁለተኛው የአያት ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው፤ «ለዚህ ነው እንዴ የተማረው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። ወርኪንግ ሆሊደይ የሚባለው ቪዛ አገሮች ሁለት ለሁለት ተስማምተው ለወጣቶቻቸው የሚሰጡት ፈቃድ ነው። ልጁ አገሩን እያየ፣ ወጪውን ደግሞ እየሠራ ይሸፍናል። ካናዳ ይህን የምታስተናግደው ኢንተርናሽናል ኤክስፒሪየንስ ካናዳ በሚባል ፕሮግራም ነው። አመልካቹ በመንግሥት ድረ ገጽ ስሙን ያስገባል፤ ከተመዘገቡት መካከል በዕጣ ሲጠራ ያመለክታል። ዕድሜው ከ18 ጀምሮ ለስዊድን ዜጋ እስከ 30፣ ለጀርመን፣ ለኖርዌይና ለብሪታንያ ዜጋ እስከ 35 ነው። የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ክፍት ነው፤ ከአንድ ቀጣሪ ጋር አያስርም። ቪዛውን ለማግኘት አስቀድሞ የሥራ ውል ማቅረብም አያስፈልግም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

ፈቃዱን የሚያስገኘው ፓስፖርት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይበቃም። ስዊድን ዐሥር ዓመት ኖሮ ዜግነት ያልወሰደ ወጣት ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር አብሮ ማመልከት አይችልም። ጅዳ ወይም ዱባይ ተወልዳ ያደገች፣ አረብኛም እንግሊዝኛም አቀላጥፋ የምትናገር ልጅ የያዘችው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ አትችልም። አሜሪካ የተወለዱት ለኒውዚላንድና ለአውስትራሊያ ይችላሉ፤ የእስራኤል ዜግነት ያላቸው የቤተ እስራኤል ልጆችም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ግን ከካናዳም፣ ከኒውዚላንድም፣ ከአውስትራሊያም፣ ከጃፓንም ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም።

ይህን በግልጽ የምጽፈው ባለፈው ክረምት (የእኛው ክረምት) አንድ ዘመዴ ቤት ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። ከስዊድን የመጣችው ልጅ በዊስለር ያሳለፈችውን ስድስት ወር በስልኳ እያሳየች ነበር፤ ነጭ ተራራ፣ ቢጫ ጃኬት፣ የሚስቁ ልጆች። ከጎኗ እዚሁ በሆቴል አስተዳደር የተመረቀው የአጎቷ ልጅ ተቀምጧል። ዕድሜያቸው እኩል፣ እንግሊዝኛቸው እኩል፣ በመስተንግዶ ሙያ እንዲያውም እሱ ይበልጣታል። ሁለቱን የለየው የፓስፖርት ሽፋን ብቻ ነው። ፎቶውን ሲያይ ቆይቶ እሱም ስልኩን አወጣና ከአንድ ደላላ የተላከለትን ወረቀት አሳየን። «የካናዳ ስኪ ሪዞርት የሥራ ቅጥር፣ ወርኪንግ ሆሊደይ ቪዛን ጨምሮ» ይላል። የተጠየቀው ቀብድ 150 ሺህ ብር ነው። አባትየው ግማሹን አዘጋጅተው ነበር።

ልጅቷ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበችና «እኔ ለሥራው ለማንም ምንም አልከፈልኩም» አለች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

እንግዲህ ያችን ዓረፍተ ነገር ላንሣት። የወርኪንግ ሆሊደይ ቪዛ የሥራ ውል አይጠይቅም፤ ስለዚህ «ውል ገዝቼ ቪዛውን አስወጣልሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለ ዕቃ ነው። በዚያ ላይ ዊስለር ባለበት በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ሕግ ሠራተኛን ሥራ ስላስያዙት ማስከፈል ክልክል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ደግሞ ቪዛው ራሱ የለም። ከአዲስ አበባ ለሥራ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ነኝ የሚል ካለ ፈቃዱን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ማጣራት ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ነገር ነው። አንድ እውነተኛ መንገድ አውቃለሁ፤ እሱም ጠባብ ነው። ካናዳ ውስጥ በተማሪ ፈቃድ ሙሉ ጊዜውን የሚማር፣ ፈቃዱም መሥራትን የሚያካትትለት ኢትዮጵያዊ በትምህርት ወቅት ከግቢ ውጭ በሳምንት እስከ 24 ሰዓት፣ በመደበኛው የዕረፍት ጊዜ ደግሞ ከዚያ በላይ መሥራት ይችላል። ካልጋሪ የሚማር ልጅ ለፈረንጅ ገና ዕረፍት ባንፍ ሄዶ ቢሠራ ሕጋዊ ነው። ለስኪ ሥራ ሲባል ብቻ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ መክፈል ግን ሌላው እብደት ነው።

አሁን ፓስፖርቱ ወደሚፈቅድላቸው ልጆች፣ ማለትም ወደ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ልጆች እንመለስ። ሥራው ምንድን ነው? ፎቶው ላይ የሚታየው አይደለም። ብዙው ሥራ ሰው ሊፍት ላይ ማሳፈር፣ የስኪ ጫማ መጠን እየለኩ ማከራየት፣ ትኬት መቁረጥ፣ ክፍል ማጽዳትና አልጋ ማንጠፍ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት መክተፍና ዕቃ ማጠብ፣ መኪና ማቆሚያ ላይ በብርድ ቆሞ እጅ ማወዛወዝ ነው። አስተማሪ መሆን የሚፈልግ ስኪ በደንብ መቻልና የመጀመሪያውን የአሠልጣኝነት ደረጃ ፈተና ማለፍ አለበት። ሕፃናት መጠበቂያ ውስጥ ለመሥራት ካናዳ አስቀድሞ የጤና ምርመራ ትጠይቃለች፤ ይህን ሳያውቁ ሄደው ልጅ የመጠበቅ ሥራ ተሰጥቷቸው መጀመር ያልቻሉ አሉ።

ለሊፍት ሥራ ስኪ መቻል ብዙ ጊዜ ግዴታ አይደለም፤ መቆም መቻል ግን ግዴታ ነው። ሌክ ሉዊዝ አካባቢ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ የሚደርስበት ቀን አለ። አንዲት የማውቃት ልጅ በመጀመሪያ ደመወዟ የገዛችው ቦት ጫማ ነው፤ ከስልኳ ይበልጥ ውድ።

ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቅጥር የሚጀምረው በረዶው ከመውደቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የካናዳ ሪዞርቶች ከኅዳር አጋማሽ ገደማ ጀምረው እስከ ሚያዝያ፣ አንዳንዶቹም እስከ ግንቦት ክፍት ናቸው፤ ማስታወቂያው ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ይወጣል። ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። ጠያቂዎቹ ስለ ዲግሪ ብዙም ግድ የላቸውም። ደጋግመው የሚጠይቁት «እስከ ወቅቱ መጨረሻ ትቆያለህ?» የሚለውን ነው፤ መጋቢት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሠራተኛ ያስቸግራቸዋላ። ልጁ የፋሲካን በዓል ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ቃል ከገባ ይህን ከመፈረሙ በፊት ያስላው። የፈረንጅ ገና ሳምንትና አዲስ ዓመታቸው ደግሞ ዕረፍት የማይታሰብበት ሰሞን ነው። የእኛ ገና ግን ግርግሩ ሲያልፍ ስለሚውል በጊዜ ከተጠየቀ አንድ ቀን ማግኘት አይከብድም።

ነገር ግን ወላጅ ሆኜ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድጠይቅ ቢፈቀድልኝ «ምን ትሠራለህ?» አልልም፤ «የት ትተኛለህ?» ነው የምለው።

በእነዚህ ከተሞች ሥራ ሞልቷል፣ አልጋ የለም። ዊስለር ትንሽ የተራራ ከተማ ናት፤ ቤቱን ሀብታሙ ለዕረፍት ይዞታል፣ ቀሪውን ቱሪስት በቀን ይከራየዋል። ባንፍ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለች ከተማ ስለሆነች እንደልብ ቤት አይሠራባትም፤ እዚያ ለመኖር ራሱ በከተማዋ ሥራ ወይም ሌላ በሕግ የታወቀ ምክንያት ያስፈልጋል። ትልልቆቹ ሪዞርቶች የሠራተኛ መኖሪያ አላቸው፤ ለሁሉም ግን አይበቃም፤ ቀድሞ ለፈረመ ይሰጣል። ክፍሉ ለሁለት፣ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአራት ነው። ወጥ ቤቱ የጋራ፣ መታጠቢያው የጋራ።

የሠራተኛ መኖሪያ ሌላም ጠባይ አለው፤ አልጋው ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። ሥራውን የለቀቀ ወይም የተባረረ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ክፍሉንም ይለቃል፤ ያውም በጥር ብርድ። ክፍት የሥራ ፈቃድ አለኝ፣ ካልተመቸኝ ሌላ ቀጣሪ እይዛለሁ ብሎ የሄደ ልጅ ይህን የሚያስታውሰው ከአለቃው ጋር ከተጣላ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሉ ሲመጣ አብራችሁ አንብቡት። ኪራዩ ከደመወዝ ይቆረጣል ወይ? ማስያዣው ስንት ነው፣ መቼስ ይመለሳል? ሥራ ሲያበቃ ክፍሉን በስንት ቀን ማስረከብ ይኖርበታል? አልጋ ሳይኖረው በኅዳር መጨረሻ አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ልጅ ቀሪውን ገንዘቡን በሆስቴል ይጨርሳል።

ሆስቴሉ ብቻ አይደለም የሚጨርሰው። ካናዳ ከአመልካቹ የምትጠይቀው መነሻ ገንዘብ 2,500 የካናዳ ዶላር ነው፤ የመመለሻ ትኬት ወይም መግዣው ለብቻው ነው። ይህ ለመግቢያ እንጂ ለመኖሪያ የሚበቃ አይመስለኝም። ኅዳር ላይ በረዶው ከዘገየ ሥራ ቢኖርም ሰዓቱ ትንሽ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሠራለሁ ብሎ ያሰበ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ሊጠራ ይችላል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 17.85 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ባንፍ ባለበት በአልበርታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተወሰነው 15 ዶላር ነው። በ17.85 ሒሳብ 40 ሰዓት የሠራ በሳምንት 714 ዶላር ያገኛል፤ ከዚህ ግብር፣ ኪራይና ምግብ ይቀነሳል። የተራራ ከተማ ምግብ ውድ ነው። የሚተርፈው በነፃ የሚሰጠው የወቅት የስኪ ካርድ ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች በእርግጥም የሚሄዱት ለእሱ ሲሉ ነው። ስለዚህ «ሰርቶ ይልክልናል» ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ካለ አሁኑኑ ተስፋውን ቢቆርጥ ይሻላል። ልጁ ባይበደር ራሱ ጎበዝ ነው።

የጤና ኢንሹራንስን ብዙ ሰው እንደ ተራ ወረቀት ያየዋል። በዚህ ፕሮግራም ግን የፈቃዱን ዕድሜ የሚወስነው እሱ ነው፤ የስድስት ወር ኢንሹራንስ ይዞ አየር ማረፊያ የደረሰ ልጅ ዓመት ቢገባውም የስድስት ወር ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ሁለተኛው፣ ርካሽ ኢንሹራንሶች የክረምት ስፖርትን አያካትቱም። በሥራ ላይ እያለ ቢጎዳ የአገሩ የሠራተኛ መድን ይይዘዋል፤ በዕረፍት ቀኑ በነፃ ካርዱ ሲንሸራተት እግሩን ቢሰብር ግን ያ የራሱ ኢንሹራንስ ጉዳይ ነው። እግር የሚሰበረው ደግሞ በአብዛኛው በዕረፍት ቀን ነው።

ለእናቶች የማይነገረውን ልናገር። በእነዚህ ከተሞች መጠጥ አለ፤ ብዙ አለ። ሃያ ዓመት ያለፋቸው ልጆች፣ ቤተሰብ የሌለበት ቦታ፣ ረጅም ምሽት። ከስቶክሆልም ወይም ከለንደን ሕይወት የባሰ ነው ብዬ አላምንም፤ ልዩነቱ ከተማዋ ጠባብ ስለሆነች ከዚህ ሌላ መዋያ ማጣታቸው ነው። ጾመኛ ልጅ ካለችም የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ሥራውም ስለሚጀመር አብረው ይሄዳሉ፤ በሠራተኛ ካፌው ሥጋና ወተት የሌለበት ምግብ ማግኘት ዛሬ አይቸግርም። እንጀራ ያማራት ከባንፍ ካልጋሪ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የሐበሻ ምግብ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም አለ። ከዊስለርም ቫንኩቨር በአውቶቡስ ይደረሳል።

«ደግሞ ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» ለሚል አጎት ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ኒውዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ ስኪ የተማረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በ2010 ደግሞ እዚያው ዊስለር አካባቢ ተወዳደረ። ሁለተኛው መልስ የከፍታ ነገር ነው። የዊስለር ተራራ ጫፍ 2,182 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። ልጁ ተራራው አናት ላይ ወጥቶ ፎቶ ሲልክ፣ አያቱ መርካቶ ሽንኩርት እየመረጡ ከእሱ ከፍ ብለው ቆመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ካናዳ ከአመልካቹ ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረበት አገር ሁሉ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት «አገሩን ይወቅ» ተብሎ አዲስ አበባ አያቱ ጋር ስምንት ወር የተቀመጠ ልጅ የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ ወረቀት ያስፈልገዋል ማለት ነው። አሻራ ይሰጣል፣ ይጠበቃል፣ ይተረጎማል። እዚህ ሳለ ማስጀመር ከውጭ ሆኖ ውክልና ከመላክ በእጅጉ ይቀላል፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ እየሮጠ ኤምባሲ ሰልፍ ላይ መቆም ለማንም አልመኝም።

ለጥር የዘገየ ልጅ ካለ ደግሞ ዓመቱ አላለቀበትም። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ስኪው የሚውለው በእኛው ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ። ኒውዚላንድ ውስጥ ኩዊንስታውን አጠገብ ኮሮኔት ፒክና ሪማርከብልስ፣ ዋናካ አጠገብ ካርድሮና አሉ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ትሬድቦና ፔሪሸር። ለእነዚህ ቅጥሩ የካቲትና መጋቢት ላይ ይጀምራል። ኒውዚላንድ የምትጠይቀው መነሻ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ወር 350 የኒውዚላንድ ዶላር፣ ለዓመት 4,200 ነው። ወቅቱ አጭር፣ ተራሮቹም ከካናዳዎቹ ያነሱ ናቸው፤ የአልጋው ችግር ግን ኩዊንስታውንም ተከትሎ ይመጣል።

እናቶች ሻንጣው ውስጥ ሽሮና በርበሬ መክተታቸው እንደማይቀር አውቃለሁ። ካናዳ ለሚሄድ ልጅ የያዘውን ምግብ በሙሉ መግቢያው ላይ ማስመዝገብ ነው። ኒውዚላንድ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም፤ ማር፣ ቅቤ፣ ቋንጣና ጥሬ እህል ባይሞከር ይሻላል፣ የተፈቀደውም ቢሆን ካልተመዘገበ በቦታው 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል።